ሐኪም ለመሆን የትኛውን ትምህርት ልያዝ?

ነሐሴ ሲያልቅ ሀዋሳ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ካርድ የያዘ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። ናቹራል ወይስ ሶሻል? እናት ልጁን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ "የኔ ዶክተር" እያለች ነው ያሳደገችው። አባት ደግሞ የጎረቤት ልጅ ጋውኑን በክንዱ አንጠልጥሎ ሪፈራል ሆስፒታሉ ጋ ከባጃጅ ሲወርድ ካየ ወዲህ ሌላ ሙያ አይታየውም። ልጁ ባዮሎጂ 90 አለው፣ ፊዚክስ 52። እና ምን ይሁን?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ "ሕክምና ለመግባት የትኛው ትምህርት ላይ ልበርታ?" የሚል ነው። ጠያቂው "ባዮሎጂ" የሚል መልስ ይጠብቃል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ ሕክምና ሳይገባ የሚቀረው በባዮሎጂ አይደለም፣ በሒሳብና በፊዚክስ ነው። ይሄ ጽሑፍ ሙሉውን የሚያወራው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አገር ትምህርት አንድ በአንድ አይመረጥም። ውጭ ያሉ ዘመዶች ስልክ ደውለው "ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያዝ፣ ፊዚክስን ተወው" ብለው ይመክራሉ። እነሱ ባሉበት ልክ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝ አገር ለምሳሌ ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሦስት ወይ አራት ትምህርት ብቻ መርጦ ነው የሚማረው። እዚህ የሚመረጠው መስመሩ ነው። 11ኛ ክፍል ስትገቡ ናቹራል ወይ ሶሻል ትላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ናቹራል የገባ ሰው ፊዚክስም ኬሚስትሪም ባዮሎጂም ሒሳብም ይማራል፣ "ይሄኛውን ልዝለለው" የሚባል ነገር የለም።

ሶሻል ከገባችሁ የሕክምና ትምህርት በር ተዘጋ ማለት ነው። ሕክምና ብቻ ሳይሆን ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ አንስቴዥያ፣ ጤና መኮንን፣ ሁሉም ከናቹራል ነው ተማሪ የሚወስዱት። አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፣ እሱም የአእምሮ ጤና ነው። ሳይኮሎጂስት ለመሆን የሚፈልግ ልጅ ከሶሻልም መድረስ ይችላል። ሳይካትሪስት ግን ሐኪም ነው፤ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ነው በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ የሚያደርገው። ስለዚህ "ሰው ማማከር ነው የምፈልገው" የሚል ልጅ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ 10ኛ ክፍል ላይ እያለ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለናቹራል ተማሪ ስድስት ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። ማለፊያው ግማሽ ነው፣ 300። ግማሽ ሲባል ቀላል ይመስላል እንጂ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም አይተናል። የ2014 ተፈታኞች ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። ከመቶ ተማሪ ዘጠኝ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ሕክምና ደግሞ ማለፊያ ስላመጣችሁ ብቻ የሚገባበት አይደለም፣ ካለፉት መካከል ከላይ ያሉት የሚሻሙበት ነው።

ልብ በሉ፣ ባዮሎጂ ከ100 ነው፣ ፊዚክስም ከ100 ነው። ፈታኙ "ይሄ ልጅ ዶክተር መሆን ነው የሚፈልገው፣ ባዮሎጂውን በሁለት እናባዛለት" አይልም። ሁለት ተማሪ በምናባችን እንውሰድ። አንዷ ባዮሎጂ 92፣ ኬሚስትሪ 80፣ አፕቲትዩድ 65፣ እንግሊዝኛ 60፣ ሒሳብ 38፣ ፊዚክስ 35 አመጣች። ድምሯ 370። ሌላው ባዮሎጂ 78፣ ኬሚስትሪ 78፣ ሒሳብ 76፣ አፕቲትዩድ 76፣ ፊዚክስ 74፣ እንግሊዝኛ 72። በየትኛውም ትምህርት 80 አልነካም፣ ግን ድምሩ 454 ነው። በባዮሎጂ በ14 ትበልጠዋለች፣ በጠቅላላው በ84 ይበልጣታል። ሕክምና የሚገባው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እዚች ልጅ ቤት ምን እንደሚደረግ ደግሞ እናውቃለን። ወላጅ ቱቶሪያል ይከፍላል፣ ለባዮሎጂ! ልጅቷ ስለምትወደው፣ "ለዶክተርነቱ" ስለሚጠቅም። 92 የነበረው 98 ቢሆን የሚጨመረው ስድስት ነጥብ ነው። በዚያው ብር ሒሳቡን ከ38 ወደ 60፣ ፊዚክሱን ከ35 ወደ 60 ብታደርስ 47 ነጥብ ታገኛለች። ለቱቶሪያል የምትከፍሉት ብር ካለ ልጁ ለሚሸሸው ትምህርት ክፈሉ። ልጁ ያኮርፋል፣ ይሁን።

"እሺ ለፈተናው ይሁን፣ ለሕክምናው ግን ፊዚክስ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆስፒታል ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ይዘን እንየው። ግሉኮስ። ማለቴ ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ በላስቲክ ወደ ክንድ የምትወርደዋን ከረጢት፤ ሕዝቡ ሁሉንም "ግሉኮስ" ይበል እንጂ ውስጧ ብዙ ጊዜ ያለው ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውኃ ነው።

ከረጢቷ ላይ 0.9 በመቶ የሚል ተጽፏል። 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው ማለት ነው፣ አንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም። ይሄ የስድስተኛ ክፍል ፐርሰንት ነው። ግን ለምን 0.9? ለምን 3 ወይ ንጹሕ ውኃ አልሆነም? እዚህ ጋ ኬሚስትሪ ይገባል። የጨው ሞላር ማስ 58.5 ነው፣ 9ን ለ58.5 ስታካፍሉ 0.154 ሞል ይመጣል። ጨው ውኃ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ለሁለት ስለሚከፈል ቅንጣቶቹ በእጥፍ 0.308 ይሆናሉ። ይሄ ቁጥር ደማችን ውስጥ ካለው የሟሙ ነገሮች መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። ንጹሕ ውኃ በደም ሥር ብትሰጡ ውኃው በኦስሞሲስ ወደ ቀይ የደም ሴሎች ይገባና ያፈነዳቸዋል። ጨው ከልክ በላይ ሲሆን ደግሞ ሴሎቹ ውኃቸውን አጥተው ይኮማተራሉ። ኦስሞሲስ የባዮሎጂ ምዕራፍ ነው፣ ሞል የኬሚስትሪ፣ ከረጢቷ ውስጥ ግን የሚለያቸው የለም።

አሁን ፊዚክሱ። ከረጢቷ ለምን ትሰቀላለች? አስታማሚ ከረጢቱን ይዞ በሽተኛውን ራጅ ክፍል ሲወስድ እጁ ይዝላል፣ ዝቅ ያደርጋታል፣ በዚያው ቅጽበት ደም በላስቲኩ ወደ ላይ ተመልሶ ይታያል። አስታማሚው ይደነግጣል፣ ነርሷ "ከፍ አድርገው!" ትላለች። የፈሳሽ ግፊት ማለት ይሄ ነው፤ የፈሳሹ እፍጋት ሲባዛ በስበት ሲባዛ በከፍታ። አንድ ሜትር ከፍ ስትል ወደ 9,800 ፓስካል ግፊት ትሰጣለች፣ በደም ግፊት መለኪያ ቋንቋ ወደ 73 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ክንድ ላይ ያለው የደም መልስ ግፊት ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ፈሳሹ ይገባል። ስታወርዷት ጨዋታው ይገለበጣል።

ካኑላውን ደግሞ እዩት፣ ክንድ ላይ የምትቀረዋን ቀጭን ቱቦ። ቀለሟ ይለያያል፤ ሰማያዊዋ ቀጭን፣ ሮዟ መካከለኛ፣ አረንጓዴዋ ወፈር ያለች፣ ግራጫዋ ከዚያም ትወፍራለች። በመኪና አደጋ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሲመጣ ወፍራሟን ነው የሚፈልጉት። ምክንያቱ በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ከውስጡ ስፋት ጋር የሚጨምረው በሬዲየሱ አራተኛ ፓወር ስለሆነ ነው። ሬዲየሱ በግማሽ ከቀነሰ የሚያልፈው በግማሽ አይቀንስም፣ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ይሄው ሕግ የልብ የደም ሥሩ የጠበበ ሰው ደረቱን ለምን እንደሚያመውም፣ የሕፃን አየር ቧንቧ ትንሽ ሲያብጥ ትንፋሹ ለምን ቶሎ እንደሚጨንቀውም ያስረዳል። ፊዚክስን "ሽምደዳ" ብሎ ያለፈ ልጅ እነዚህን ሦስቱን ሦስት የተለያየ ነገር አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። የገባው ልጅ አንዱን ነው የሚይዘው።

በመጨረሻ ጠብታው። ሐኪሙ "አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት" ብሎ ጽፏል። ላስቲኩ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆንበት ዓይነት ነው እንበል። 1,000 በ20፣ 20,000 ጠብታ። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ። ይሄን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እየናጣችሁ፣ አስታማሚው አጠገባችሁ ቆሞ እያያችሁ ነው የምትሠሩት። የሕፃን ሽሮፕም እንደዛው ነው። በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ከተባለ 12 ኪሎ ላለው ልጅ 180 ይሆናል። ብልቃጡ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ከባድ ሒሳብ አይደለም። ግን ነጥቧ አንድ ቤት ከዘለለች ልጁ አሥር እጥፍ ይጠጣል፣ ወይ አንድ አሥረኛውን። ሒሳብ ሲያይ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ባይቆም ይሻላል፣ በግልጽ እንነጋገር ከተባለ።

ከባዱ ሒሳብስ? ሎጋሪዝምን ብቻ ላንሳ፣ 10ኛ ክፍል ላይ ብዙ ልጅ "ይሄ ምን ያደርጋል" የሚለውን። የደም ፒኤች ጤነኛ ሰው ላይ ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። አንድ የስኳር በሽተኛ 7.1 ሆኖ መጣ እንበል። ከ7.4 ወደ 7.1፣ "0.3 ብቻ" ያለ ሰው ሎጋሪዝም አልገባውም። የ2 ሎጋሪዝም ወደ 0.3 ስለሆነ አሲዱ በእጥፍ ጨምሯል ማለት ነው። ሰውየው በጠና ታሟል።

ኬሚስትሪን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ባዮኬሚስትሪና የመድኃኒት ትምህርት እሱ ላይ ነው የሚቆሙት። ለኛ አካባቢ ልጅ ግን ቅርብ ምሳሌ አለ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥርሱ የበለዘ ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱ በአንዳንድ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። ትንሽ ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል፣ ሲበዛ ያበልዛል፣ ለዓመታት በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። በሊትር ሚሊ ግራም የሚባለውን ነገር ክፍል ውስጥ ሲማር ያንቀላፋ ልጅ የጎረቤቱን ጥርስ ቢያይ ይነቃ ነበር።

ባዮሎጂውን አትተዉ፣ ያንን ማለቴ አይደለም። ሴል፣ ጀነቲክስ፣ የወባ ተውሳክ ዑደት፣ ሁሉም መሠረት ነው፣ ወባ ደግሞ ሐይቅ ዳር ላደገ ልጅ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ነገር ግን የምትወዱት ትምህርት ጠባቂ አይፈልግም፣ ሳትቀሰቀሱ ታነቡታላችሁ። ፍቅር ሐይቅ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ባዮሎጂ ማንበብ ይቻላል። ፊዚክስና ሒሳብ ጠረጴዛ፣ እርሳስ፣ ባዶ ወረቀትና የሚያስቸግር ጥያቄ ነው የሚፈልጉት፣ ማንበብ ብቻውን አይሠራም።

እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ብዙ ልጅ የሚንቃቸው ናቸው። ሁለቱ ተደምረው ከ600ው 200 ናቸው። ሲሶ! "ለአፕቲትዩድ አይጠናም" የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም፣ የጥያቄዎቹን ዓይነት የለመደና በሰዓት የሠራ ልጅ ልዩነት ያሳያል። እንግሊዝኛው ደግሞ ከፈተናው በኋላም አይለቃችሁም። የሕክምና መጽሐፉ፣ ሌክቸሩ፣ የበሽተኛው ካርድ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ቀን ከበሽተኛው ጋር በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይ በኦሮምኛ ታወራላችሁ። ከነዚህ ሁለቱን የሚችል ልጅ ዎርድ ውስጥ አስተርጓሚ ሳይጠብቅ ሥራውን ይሠራል፣ ይሄ በካርድ ላይ ማርክ የለውም እንጂ ትልቅ ሀብት ነው።

9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ "አሁን ዘና፣ 11 ስገባ እጀምራለሁ" የሚለው ነገር ተለምዷል። የ12ኛው ፈተና ግን ወደ ታችኛው ክፍልም ይወርዳል። ዋናው ችግር ደግሞ ያ አይደለም፣ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ የሚወድቁ ልጆች ብዙዎቹ የሚወድቁት በፊዚክሱ ሳይሆን በ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። ቀመሩን ያውቁታል፣ ከውስጡ የሚፈለገውን ፊደል ለብቻው ማውጣት ያቅታቸዋል። ፊዚክስ 52 ያለው ልጅ መጀመሪያ የሒሳብ ካርዱ ይታይ። ሒሳቡ ደህና ከሆነ ፊዚክሱ በጥቂት ወራት ይነሳል፣ መፍራት አያስፈልግም። ሒሳቡም እኩል የወረደ ከሆነ ወደ 9ኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስ ነው፣ ማፈር የለበትም፣ ክረምቱ ይበቃል።

12ኛን በጥሩ ነጥብ አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅም ገና ሐኪም አልተባለም። ከ2012 ጀምሮ ሁሉም አዲስ ገቢ ፍሬሽማን ይማራል። ሒሳብ፣ ጀነራል ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ አሉ፤ አብረዋቸው ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂም አሉ። ዲፓርትመንት ሲመደብ የመግቢያ ውጤትና የፍሬሽማን ግሬድ ይታያል፣ አንትሮፖሎጂ ላይ ያመጣችሁት ሲ እዚያው ውስጥ ተደምሮ ነው የሚመጣው። "ዋና ኮርስ አይደለም" ብሎ የተወው ልጅ ሕክምናን በነጥብ ቤት የሚያጣው እዚህ ነው። የምደባው ዝርዝር ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር በጓደኛ ወሬ አትሂዱ፣ እንደገባችሁ ሬጅስትራር ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ፦ መጀመሪያ ፒሲ ዋን፣ ፒሲ ቱ ይባላል፣ በሽተኛ ከመያዝ በፊት ያለው የክፍል ትምህርት፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ። ቀጥሎ ዎርድ መግባት፣ ከበሽተኛ ጋር የሚሠራባቸው ሲ ዋን፣ ሲ ቱ የሚባሉት ዓመታት። መጨረሻ ኢንተርን፣ ሌሊት የሌለው ዓመት። ሁሉም ተደምሮ ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ፣ ያንን ካለፉ በኋላ ጂፒ፣ ማለትም ጠቅላላ ሐኪም። ስፔሻሊስት ልሁን ካላችሁ ሌላ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዱ ላይ አምስት ዓመት። እኩያችሁ አካውንቲንግ ተምሮ ደመወዝ ሲበላ እናንተ ገና ከቤት የኪስ ገንዘብ እየጠበቃችሁ ነው። ይሄን ወላጅም ልጅም 11ኛ ክፍል ሳይገባ ቢያወሩት ጥሩ ነው።

ነጥቡ ለሕክምና ያልበቃ ግን ያለፈ ልጅ ደግሞ ሌሎቹን የጤና ዘርፎች እንደ መጽናኛ አይያቸው። አንስቴዥያ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ፋርማሲ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሙያ ናቸው። ወደ ሕክምና የሚመለሱበት መንገድም ታይቷል፤ በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም ሲጀመር ከተመረጡት መካከል እዚሁ አጠገባችን ያለው ይርጋለም ሆስፒታል፣ እንዲሁም አዳማ ሆስፒታል ነበሩበት። ነርስና ጤና መኮንን የነበሩ ብዙ ሰዎች በዚያ በር ገብተው ዛሬ ዶክተር ተብለው ይጠራሉ። እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሲወጣ የሚያየው ደግሞ የዲግሪውን ትራንስክሪፕት ነው፣ ስለዚህ ነርሲንግ የደረሰው ልጅ "ያልፈለግኩት ነው" ብሎ ግሬዱን አይጣል። ነጥብ ያልሞላለት ልጅም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመድገም ከመቁረጡ በፊት የወደቀበትን ትምህርት ለይቶ ያውጣ፣ ያው ፊዚክስና ሒሳብ ከሆነ ባዮሎጂውን በደንብ ማንበብ ብቻውን በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ድምር ነው የሚያመጣለት።